ከቆሻሻው ቀድሞ የሚደርስ ጥያቄ

አንድ የሕዝብ እንደራሴ ሚኒስትር አስቀርቦ ሲጠይቅ አብዛኞቻችን የምናዳምጠው ድምፁን ነው። ደፈረ ወይስ ለዘበ? ሚኒስትሩስ ተቆጣ ወይስ በፈገግታ አለፈው? በማግሥቱም ቡና ላይ የምንጫወተው ይህንኑ ነው። በላስ ቬጋስ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ከድምፁ ይልቅ ቀኑን መመልከት ለመድኩ። ጥያቄው የቀረበው ነገሩ ከመድረሱ በፊት ነው ወይስ ከደረሰ በኋላ? በሕዝብ ጤናና በቆሻሻ ጉዳይ ከዚህ የከበደ ልዩነት አላውቅም። ጨረር አንዴ ከተበተነ፣ ቆሻሻ አንዴ ከተቀበረ፣ የተከመረ ጥራጊ አንዴ ከተናደ፣ የትኛውም የምክር ቤት ጥያቄ ወደ ኋላ ተጉዞ አንዲት ነፍስ አይመልስም።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ሥፍራዎችን ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ። አንደኛው ዛሬ ከምኖርበት ከተማ 100 ማይል ያህል ርቆ የሚገኘው፣ አሜሪካ የኑክሌር ቆሻሻዋን ልትቀብርበት የወሰነችው የዩካ ተራራ ነው። ሁለተኛው ባደግሁበት ከተማ በአዲስ አበባ፣ በረጲ አካባቢ የሚገኘው ቆሼ ነው። አንዱ ምንም ያልተቀበረበት ተራራ ነው፤ ሌላው ቆሻሻው ራሱ ተራራ የሆነበት ሥፍራ ነው። የአሜሪካን ነገር ስጽፍ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአገራችንን ስጽፍ ዓ.ም. ብዬ እለየዋለሁ።

ማንም ያልጠየቀበት ዘመን

ላስ ቬጋስ ለምን ስለ ቆሻሻ እንዲህ ነገር እንደሚገባት ለመረዳት ከቆሻሻው በፊት ከነበረው መጀመር ያስፈልጋል። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ 65 ማይል ያህል ርቆ የኔቫዳ የኑክሌር መሞከሪያ ሥፍራ ይገኛል። የመጀመሪያው ቦምብ የተጣለው ጃንዋሪ 27 ቀን 1951 ነበር፤ የመጨረሻው ከምድር በታች የፈነዳው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1992። በመካከሉ 100 ሙከራዎች በአየር ላይ፣ 828 ደግሞ ከምድር በታች ተካሂደዋል። በ1950 በተደረገው ቆጠራ ላስ ቬጋስ ያለችበት የክላርክ ካውንቲ ነዋሪ ገና 50,000 አልሞላም ነበር። ሆቴሎቹ ፍንዳታውን እንደ ትርዒት ሸጡት፤ እንግዶች ጎሕ ሲቀድ ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ መጠጥ ጨብጠው፣ ከአድማስ ባሻገር የሚወጣውን ደመና ያዩ ነበር። ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት በፍላሚንጎ መንገድ ወደሚገኘው የአቶሚክ ሙዚየም ያደረስኳቸው ተሳፋሪዎች አብዛኞቹ የሚያውቁት ይህንኑ የትርዒቱን ወገን ነው።

ሌላው ወገን የነፋሱ ነው። የአየር ላይ ሙከራዎቹ የሚካሄዱት በተቻለ መጠን ነፋሱ ከላስ ቬጋስና ከሎስ አንጀለስ ርቆ ወደ ምሥራቅ፣ ሕዝብ ወደ ሳሳባቸው የኔቫዳ፣ የዩታና የአሪዞና ገጠሮች በሚነፍስበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ የነፋስ አቅጣጫ የሕዝብ ጤና ፖሊሲ ሆነ ማለት ነው። ማን ጨረሩን እንደሚተነፍስ የተወሰነው በቁጥር ማነስ ነው። የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን ለነዋሪዎቹ አደጋ እንደሌለ ይነግራቸው ነበር፤ ይህን የኮሚሽኑን ቃል በጊዜው አስቀርቦ የሚያፋጥጥ ምክር ቤት አልነበረም። ሥራው በምሥጢር ተሸፍኖ ነበር፤ ዘመኑም የቀዝቃዛው ጦርነት ነውና መጠየቅ ራሱ አገርን እንደ መክዳት ሊቆጠር ይችል ነበር።

ኮንግረስ ነገሩን በብርቱ መመርመር የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1980 የወጣው የአንድ ንዑስ ኮሚቴ ሪፖርት ርዕስ ራሱ ሕዝቡን የተረሱ የሙከራ እንስሳት ብሎ ጠራቸው። የካሳው ሕግ የወጣው በ1990 ነው። በጨረሩ ምክንያት ለታመመ የአካባቢው ነዋሪ 50,000 ዶላር ተቆረጠ፤ ከክላርክ ካውንቲ ግን የተካተተው የሰሜን ምሥራቁ ክፍል ብቻ ነበር፤ ላስ ቬጋስ ራሷ ቀረች። ሕጉ በጁን 2024 ጊዜው አልፎበት ተቋረጠ፤ በጁላይ 2025 ደግሞ ታድሶና ሰፍቶ ተመለሰ። ከመጀመሪያው ቦምብ እስከ ካሳው ሕግ 39 ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። በ39 ዓመት ውስጥ ሕፃን ያድጋል፣ ይታመማል፣ ይሞታልም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ጥያቄ ነበረ፤ ጉልበት አልነበረም

የኑክሌር ቆሻሻው ጉዳይ የመጣው በዚህ ትዝታ ላይ ነው። ኮንግረስ በ1982 የኑክሌር ቆሻሻ ፖሊሲ ሕግን አጸደቀ፤ ፕሬዚዳንት ሬገን በጃንዋሪ 1983 ፈረሙበት። በሕጉ መሠረት መንግሥት ከኃይል ማመንጫዎች የሚወጣውን ያገለገለ ነዳጅ ከጃንዋሪ 31 ቀን 1998 ጀምሮ ይረከባል፤ ለዚህም የመብራት ተጠቃሚው ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የአንድ ሳንቲም አንድ አሥረኛ ይከፍላል። ሥፍራው በሳይንሳዊ ንጽጽር እንዲመረጥ ታስቦ በ1986 ሦስት ዕጩዎች ቀረቡ፦ በዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ፣ በቴክሳስ ዴፍ ስሚዝ ካውንቲ፣ በኔቫዳ ዩካ ተራራ።

ንጽጽሩ ግን አልተፈጸመም። በ1987 ኮንግረስ ሕጉን አሻሽሎ ከሦስቱ ዩካን ብቻ እንዲጠና ወሰነ። በዚያን ጊዜ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የቴክሳሱ ጂም ራይት፣ የብዙኃኑ መሪ ደግሞ የዋሽንግተኑ ቶም ፎሊ ነበሩ። ኔቫዳ ከ435ቱ የምክር ቤቱ መቀመጫዎች የነበራት ሁለት ብቻ ነው። ከሴናተሮቿ አንዱ ሃሪ ሪድ ገና የመጀመሪያ ዓመቱን አልጨረሰም። በግዛቷ አንድም የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የለም፤ ዛሬም የለም። ተራራውም ቢሆን የምዕራብ ሾሾኔ ሕዝብ በ1863 በሩቢ ሸለቆ በተፈረመው ውል መሠረት የእኔ ነው የሚለው ምድር ነው፤ ያን ሕዝብ ማንም በቅድሚያ አላማከረውም።

በ2002 የኢነርጂ ሚኒስትሩ ስፔንሰር አብርሃም ሥፍራውን ለፕሬዚዳንት ቡሽ አቀረቡ፤ ፕሬዚዳንቱም ተቀበሉ። ሕጉ ለሚመለከተው ግዛት የእምቢታ መብት ሰጥቶ ነበርና አገረ ገዢው ኬኒ ጉዊን በኤፕሪል 8 እምቢታቸውን አስገቡ። ነገር ግን ያው ሕግ ኮንግረስ በተራ አብላጫ ድምፅ እምቢታውን መሻር እንደሚችል ይደነግጋል። በሜይ የተወካዮች ምክር ቤት 306 ለ117፣ በጁላይ ሴኔቱ 60 ለ39 ሆነው ሻሩት። በዚህ ደረጃ ነገሩን ያየ ሰው ኔቫዳ አከተመላት ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም ነበር። ተጠይቃለች፤ መልስ ሰጥታለች፤ መልሷ ተሽሯል።

የሚነክስ ጥያቄ ምን ይመስላል?

ይሁን እንጂ ዛሬ በዩካ ተራራ አንድ በርሜል እንኳ አልተቀበረም። ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር ከወጣበት በኋላ ሥራው በ2011 ቆሟል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለማወቅ በየጊዜው የቀረቡትን ጥያቄዎች ይዘት መመርመር ይጠቅማል፤ ሁሉም ጥያቄ እኩል ክብደት የለውምና።

የመጀመሪያው ምሳሌ የውሃው ጥያቄ ነው። የተራራው ጥቅም ደረቅነቱ ነው ተብሎ ነበር፤ ዝናብ እስከ መቃብሩ ጥልቀት ለመውረድ እጅግ ረጅም ዘመን ይፈጅበታል ተባለ። በ1996 ግን ሳይንቲስቶች 300 ሜትር ያህል ወደ ታች በተቆፈረው ዋሻ ውስጥ በ1950ዎቹ በፓስፊክ ውቅያኖስ ከተደረጉ የቦምብ ሙከራዎች የመጣ ክሎሪን 36 ማግኘታቸውን አሳወቁ። ይህ ማለት ቢያንስ ጥቂት ውሃ በ50 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወርዷል ማለት ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግኝቱን ተከራክረውበታል፤ ክርክሩ ራሱ ግን ጥያቄውን ከፖለቲካ መድረክ አውርዶ መልስ በሚቆጠርበት መሬት ላይ አኖረው፤ ስንት ውሃ፣ በስንት ዓመት፣ በየት በኩል?

ስለዚህ በማርች 2005 የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር ሲገልጥ ነገሩ እሳት ሆነ። የውሃውን ሰርገት ያሰሉ የነበሩ አንዳንድ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ሠራተኞች እርስ በርስ በተጻጻፉት ኢሜይል የጥራት ማረጋገጫ ሰነዶችን እንደ ፈጠሩ የሚያስጠረጥር ቃል ተገኘ። በኤፕሪል የኔቫዳው ተወካይ ጆን ፖርተር የሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ ኃላፊዎቹን አስቀርቦ ጠየቀ። ፖርተር ሪፐብሊካን ነበሩ፤ የተጠየቀው መንግሥትም የራሳቸው ፓርቲ መንግሥት ነበር። ዐቃቤ ሕግ በመጨረሻ የወንጀል ክስ አልመሠረተም፤ ነገር ግን የሰርገቱ ስሌት በሌላ ቤተ ሙከራ እንደ አዲስ እንዲሠራ ተደረገ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውያለሁ። ጠያቂው ከፓርቲው ይልቅ ለመረጠው ሕዝብ አደረ፤ ጥያቄውም «ለምን አታስቡልንም?» ከሚል ልመና ይልቅ «ይህን ሰነድ ማን ጻፈው?» የሚል ነበር። ለመጀመሪያው ማንም ሚኒስትር በሚያማምር ቃል ሊመልስ ይችላል፤ ለሁለተኛው ስም ካልጠሩ አያመልጡም።

ሁለተኛው ምሳሌ የፕሉቶኒየሙ ነው። በኖቬምበር 2018 ኔቫዳ ከደቡብ ካሮላይና ሊመጣ የታሰበውን የጦር መሣሪያ ፕሉቶኒየም ለማገድ ፍርድ ቤት ቀረበች። በጃንዋሪ 30 ቀን 2019 የመንግሥት ጠበቆች ለፍርድ ቤቱ ባቀረቡት ጽሑፍ ግማሽ ሜትሪክ ቶን ፕሉቶኒየም ከኖቬምበር በፊት ተጓጉዞ ኔቫዳ መግባቱን ገለጡ። ግዛቲቱ በር ላይ ቆማ «አይግባ» ስትል ዕቃው እልፍኝ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ሴናተር ካትሪን ኮርቴዝ ማስቶ ቁጣቸውን በንግግር ብቻ አልተወጡትም። በሴኔቱ ልማድ አንድ ሴናተር የሹመት ማጽደቅን ማዘግየት ይችላልና የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱን ዕጩዎች ያዙ። በኤፕሪል 2019 ሚኒስትሩ ሪክ ፔሪ ፕሉቶኒየሙን ከ2021 ጀምሮ ለማውጣትና ሌላ ላለመላክ ቃል ገቡ።

የዚህን ነገር ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። በአሜሪካ ሚኒስትሮች የምክር ቤት አባል አይደሉም። በኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ፤ በተወካዮች ምክር ቤት ልማድ ለእያንዳንዱ ጠያቂ አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ከአምስቱ ደቂቃ ሦስቱን ጠያቂው ራሱ በንግግር ሲጨርሰው፣ ሚኒስትሩም የቀረውን በምስጋና ሲሞላው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባን ምክር ቤት የሚነቅፍ ሰው የዋሽንግተኑን ቢያይ ይጽናናል። ፋይዳው ያለው ከመድረኩ በኋላ ነው። እንደራሴው ያልተመለሰለትን ጥያቄ በጽሑፍ ያስገባል፤ ጥያቄውም መልሱም ከመዝገቡ ጋር ይታተማል። ለኮንግረስ ሆን ብሎ ሐሰት መናገር በወንጀል ያስጠይቃል። ከሁሉም በላይ ሚኒስትሩ የሚያስፈልገው በጀትና ሹመት በጠያቂው እጅ ያልፋል።

ዩካን ያቆመውም ይኸው የመጨረሻው ነገር ነው። በ1987 አዲስ የነበረው ሃሪ ሪድ ከ2007 እስከ 2015 የሴኔቱ የብዙኃን መሪ ሆነ። ባራክ ኦባማ በ2008 ምርጫ ዘመቻቸው ዩካን እንደሚያስቆሙ ቃል ገቡ፤ በ2010 ሚኒስትሩ ስቲቨን ቹ የፈቃድ ማመልከቻውን ለመሳብ ጠየቁ። በኋላም የትራምፕ መንግሥት በተከታታይ በጀት ቢጠይቅም ኮንግረስ አልሰጠም። ዛሬ ከመላው ዓለም መጥተው የምንቀበላቸው መንገደኞች የሚያርፉበት አውሮፕላን ማረፊያ በሪድ ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

በወረቀት ላይ የማናንስበት መብት

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ወገኖቼ «እነሱ ሕግ አላቸው፤ እኛ የለንም» ብለው ይደመድማሉ። ይህ ድምዳሜ ስሕተት ነው፤ መመርመርም ይገባዋል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ኮንግረስ ሚኒስትሮችን አስቀርቦ ይጠይቃል የሚል አንድም አንቀጽ የለውም። መርማሪነቱ በልማድ የዳበረ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1927 በሰጠው ውሳኔ ያጸናው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ግን በ1987 ዓ.ም. በግልጽ ጽፎታል። በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፖሊሲ የሚነካው ሕዝብ አስቀድሞ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። የኔቫዳ ገበሬ በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ የዚህን ያህል የተጻፈለት ነገር የለም።

እንግዲህ ልዩነቱን ወረቀቱ ላይ አናገኘውም። ቆሼን እንመልከት። በአየር ጤና በኩል ያለፈ ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል፤ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ጥራጊ የተከማቸበት ነው። በጥራጊው ላይ ኑሯቸውን የመሠረቱ፣ ከጎኑ ጎጆ የቀለሱ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ። ከተማዋ መፍትሔ ብላ በሰንዳፋ አዲስና ዘመናዊ ማስወገጃ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ አሠራች። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የአካባቢው አርሶ አደሮች ሽታውንና ፍሳሹን ተቃውመው ስለተነሡ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። የጭነት መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ምክር ቤቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

የዚህን ታሪክ ሰንሰለት ስከተል አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየኛል። ቆሻሻው የአስተዳደር ወሰን ተሻገረ፤ ተጠያቂነቱ ግን ወሰኑ ላይ ቀረ። የሰንዳፋ አርሶ አደር የሚኖረው በኦሮሚያ ነው፤ ቆሻሻውን የላከበትን የአዲስ አበባን ምክር ቤት አልመረጠም፤ ሊጠይቀውም አይችልም። የቆሼ ነዋሪ ደግሞ ሰንዳፋ ሲዘጋ መኪናዎቹ ወደ ማን ደጅ እንደሚመለሱ የጠየቀለት አልነበረም። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበት አንድ ጣራ የፌዴራሉ ምክር ቤት ነበር። የሁለቱም እንደራሴዎች በዚያ ጣራ ሥር ይቀመጣሉ። ሰንዳፋ በተዘጋበት ሳምንት ሚኒስትሩ ወይም የከተማው ኃላፊ ቀርቦ «ዛሬ ማታ መኪናዎቹ የት ያራግፋሉ? ክምሩ ስንት ይችላል? በሥሩ ስንት ቤተሰብ አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ከሰንዳፋ መዘጋት እስከ መደርመሱ ድረስ የነበሩት ወራት ለማንሣት በበቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለሞቱት ሐዘን ማወጅ ተገቢ ነው። ምክር ቤት ግን በመጀመሪያ ደረጃ የተመሠረተው ሐዘን እንዳይመጣ ለመጠየቅ ነው።

«ታዲያ የት ይሂድ?»

ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ በአንድ የአበሻ ምግብ ቤት ከአንድ አዛውንት ጋር ተጨዋውተናል። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመት በመንግሥት ሥራ ያገለገሉ፣ አሁን ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። እኔ የኔቫዳን ጽናት ሳደንቅ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ መልካም ነው፤ እነዚህ እንዳይመጣ ተከራከሩ፤ እኛ ከመጣ በኋላ አለቀስን። ግን ታዲያ የት ይሂድ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እሱማ የሳይንቲስቶቹ ሥራ ነው» ብላቸው፣ «አይደለም፤ እሱም የምክር ቤት ጥያቄ ነው» ብለው ዘጉት።

ልክ ናቸው። የኔቫዳ ድል ጎዶሎ ድል ነው። ወደ 90,000 ሜትሪክ ቶን የሚጠጋ ያገለገለ ነዳጅ ዛሬ ከ30 በሚበልጡ ግዛቶች፣ ከ70 በላይ በሆኑ ሥፍራዎች ተቀምጧል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በወንዝና በሐይቅ ዳር ናቸው። መንግሥት በ1998 ባለመረከቡ ለኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ከፍሏል፤ የሚከፈለውም ከግብር ከፋዩ ነው። የሰንዳፋ አርሶ አደር «አይሆንም» ሲል ቆሻሻው ወደ ቆሼ እንደተመለሰ ሁሉ፣ ኔቫዳ «አይሆንም» ስትል ቆሻሻው በሌሎች ሰዎች ደጅ ቀረ። እምቢታ ብቻውን ቆሻሻን አያጠፋም፤ አድራሻውን ይቀይራል። የኃይል ሚዛኑ የሚለካውም አዲሱ አድራሻ የማን እንደሆነ በመጠየቅ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ፊንላንድ አሳይታለች። በዚያ አገር ሕግ የኑክሌር ቆሻሻ የሚቀበርበት ማዘጋጃ ቤት ማንም ሊሽረው የማይችል የእምቢታ መብት አለው። የዩራዮኪ ማዘጋጃ ቤት ያን መብት በእጁ ይዞ በ2000 ተስማማ፤ በ2001 የፊንላንድ ምክር ቤት ውሳኔውን 159 ለ3 አጸደቀ። ኦንካሎ የሚባለው መቃብር ከዚያ በኋላ ተቆፍሯል። ከኔቫዳ ጋር ሲነጻጸር ምስጢሩ ግልጽ ነው። የኔቫዳ እምቢታ በአብላጫ ድምፅ የሚሻር ስለነበረ ማንም ሊያሳምናት አልደከመም። የዩራዮኪ እምቢታ የማይሻር ስለሆነ መንግሥትና ኩባንያዎቹ ማስረዳት፣ መመለስ፣ ማሳመን ግድ ሆነባቸው። በአሜሪካም ራሱ በ2012 ሪፖርቱን ያቀረበው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን የደረሰበት መደምደሚያ ሥፍራ በሕዝብ ፈቃድ ይመረጥ የሚል ነበር።

የጥያቄ ሚዛን

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምክር ቤት ጥያቄ ስሰማ የምመዝንበት አራት ሚዛን አለኝ። ጥያቄው ከውሳኔው በፊት ቀርቧልን? መልሱ መጠን፣ ቀንና ስም የሚጠይቅ ነውን? ሚኒስትሩ ካልመለሰ የሚያጣው ነገር አለን? ጠያቂውስ ቆሻሻው ደጃፋቸው በሚቀመጥ ሰዎች ድምፅ የተመረጠ ነውን? አራቱም ሲሟሉ የፖርተርና የኮርቴዝ ማስቶ ዓይነት ጥያቄ ይሆናል። አንዱ ሲጎድል ይነክሳል እንጂ አይጥልም። አራቱም ሲጎድሉ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ሥነ ሥርዓት ብቻ ይቀራል።

የጊዜው ነገር ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነው። በ2004 የዋሽንግተን ፍርድ ቤት ለዩካ የወጣው የ10,000 ዓመት የደኅንነት መለኪያ አይበቃም ብሎ ሲሽረው፣ አዲሱ መለኪያ እስከ አንድ ሚሊዮን ዓመት እንዲዘልቅ ተደረገ። የአንድ ሚኒስትር ዘመን ግን አራት ዓመት፣ ቢበዛ ስምንት ነው። ለሚሊዮን ዓመት መልስ ሊሰጥ የሚችል ባለሥልጣን በምድር ላይ የለም። ሊመለስ የሚችለው የዛሬው ጥያቄ ነው፤ ስሌቱን ማን ሠራው? ማን አረጋገጠው? በአካባቢው ያለው ሰው ተነግሮታልን? ለቆሼም ለዩካም የሚሠራው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የአንዱ ቆሻሻ የሙዝ ልጣጭና የተቀደደ ፌስታል፣ የሌላው የዩራኒየም ዘንግ መሆኑ ለውጥ አያመጣም።

እኛ ላስ ቬጋስ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቁጥራችን አድጎ ካውንቲው በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰፈር እስከ መሰየም ደርሷል። ምግብ ቤታችን፣ ቤተ ክርስቲያናችንና መስጊዳችን፣ ልጆቻችን የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የቆሻሻው መኪናና ባቡር ሊያልፍባቸው ከታሰቡ መንገዶች ሩቅ አይደሉም። ዜግነት ያገኘነው እንመርጣለን፤ እንደራሴ ሆኖ ሚኒስትር የሚያስቀርበው ሰው በከፊል በእኛ ድምፅ የሚቀመጥ ነው። የምርጫ ሰሞን እጃችንን ሊጨብጥ ወደየምግብ ቤቱ ሲመጣ ስለ ቡናችን ጣዕም ከሚያወራልን ይልቅ፣ ከሚቀጥለው ጭነት በፊት የትኛውን ጥያቄ በጽሑፍ እንደሚያስገባ ቢነግረን እመርጣለሁ። አገር ቤት ካሉ ዘመዶቻችን ጋር ስንነጋገርም የምንጠይቀው ተመሳሳይ ቢሆን መልካም ነው፤ የሰፈራችሁ እንደራሴ ማን ነው? ቆሻሻችሁስ ዛሬ ማታ የት ያድራል?